የባሕር ዛፍ ይዞታን በሞተር መጋዝና በትንንሽ ማሽኖች የመቁረጥና ማገዶ የማዘጋጀት መመሪያ

ይህ መመሪያ የተጻፈው ከግማሽ ሄክታር እስከ ሦስት ሄክታር የሚደርስ ባሕር ዛፍ ላላቸው የእርሻ ባለቤቶች፣ ገዳማትና ትምህርት ቤቶች ነው። እስከ ዛሬ እንጨታቸውን በመጥረቢያ እየቆረጡ በሰው ሸክም ሲያወጡ ቆይተው፣ አሁን የሞተር መጋዝ፣ የቁጥቋጦ መቁረጫ፣ ባለ ሁለት ጎማ ትራክተርና የእንጨት መፍለጫ ማሽን ለገዙ ወይም ለተከራዩ ሰዎች ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። ባሕር ዛፍ በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ወደ አገራችን ከገባ ጀምሮ የደገኛው ማገዶ፣ ማገርና አጣና ሆኖ የኖረው ቶሎ በማደጉ ብቻ ሳይሆን ተቆርጦም ከጉቶው መልሶ ስለሚያቆጠቁጥ ነው። በደንብ የተቆረጠ ጉቶ ለብዙ ዙር እንጨት ይሰጣል፤ በግዴለሽነት የተቆረጠ ግን በመጀመሪያው ዙር ሊሞት ይችላል።

እኔ ይህን የተማርሁት በኪሳራ ነው። የሞተር መጋዝ በያዝሁበት የመጀመሪያ ዓመት ጎንበስ ማለቱን ጠልቼ ዛፎቹን በጉልበት ከፍታ ቆረጥኋቸው፤ ሰንሰለቱ ደንዝዞ ስለነበር የጉቶዎቹ ቅርፊት ከእንጨቱ እየተላቀቀ ተልጦ ቀረ። በቀጣዩ ክረምት ብዙዎቹ ጭራሽ አላቆጠቆጡም፤ ያቆጠቆጡትም ቡቃያቸው ከጉቶው አናት ላይ የበቀለ ስለነበር በነፋስ እየተገነጠለ ወደቀ። ከዚህ በታች የተቀመጠው የሥራ ቅደም ተከተል ሁሉ ሁለት ነገር ለመጠበቅ የታሰበ ነው፤ አንደኛው የሠራተኛው አካል፣ ሁለተኛው ጉቶው።

ማሽን ከመነሣቱ በፊት

የመጀመሪያው ቀን ሥራ በእግር መሄድ ብቻ ነው። ቀለም ወይም ባለ ቀለም ጨርቅ ይዘው መሬቱን ከዳር እስከ ዳር ይዙሩና የሚቆረጠውን፣ የሚቀረውንና አደገኛውን ዛፍ በተለያየ ምልክት ይለዩ። አደገኛ የሚባለው የደረቀ ቅርንጫፍ ያንጠለጠለ፣ ውስጡ የበሰበሰ፣ ከሌላ ዛፍ ጋር የተጠላለፈ ወይም ወደ መንገድ፣ ወደ ቤትና ወደ ኤሌክትሪክ ሽቦ ያዘነበለ ዛፍ ነው። በኤሌክትሪክ ሽቦ አጠገብ ያለውን ዛፍ ራስዎ ለመቁረጥ አይሞክሩ፤ የኤሌክትሪክ አገልግሎቱ መጥቶ መስመሩን እስኪያጠፋ ይጠብቁ።

በባሕር ዛፉ ጥላ ሥር በወፍና በነፋስ የመጣ የአገር በቀል ችግኝ አይጠፋም። ወይራ፣ ጽድ፣ ዋንዛ፣ ኮሶ ወይም ዝግባ ካገኙ በዙሪያው ሦስት ካስማ ተክለው ጨርቅ ይሰሩበት፤ የቁጥቋጦ መቁረጫ ማሽን የያዘ ሠራተኛ በአቧራና በድምፅ ውስጥ ሆኖ ችግኙን ከክትክታ ሊለየው አይችልም። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065 የግል ደን ባለይዞታን መብትና ግዴታ የሚዘረዝር ስለሆነ፣ በተለይም እንጨቱን ለሽያጭ ወደ ሌላ ቦታ የሚያጓጉዙ ከሆነ፣ ከቁረጣው በፊት ወደ ወረዳው የግብርና ጽሕፈት ቤት ሄደው የሚያስፈልገውን ፈቃድ ይጠይቁ።

ወቅቱን በተመለከተ፣ በአብዛኛው ደጋ የምመርጠው ከጥቅምት አጋማሽ ጀምሮ ያለውን ጊዜ ነው፤ መሬቱ ለጎማ ይጠነክራል፣ በውስጡ ግን ለጉቶው የሚበቃ እርጥበት ገና አለ፣ የተፈለጠውም እንጨት ሙሉውን በጋ ይደርቃል። እንደ ደብረ ብርሃን አካባቢ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ በሚበረታበት ከፍታ ግን ለጋው ቡቃያ እንዳይቃጠል ቁረጣውን ወደ ጥርና የካቲት ማዘግየት ይሻላል።

ልብስና ረዳት

የሞተር መጋዝ ድምፅ ከ100 ዴሲቤል ያልፋል፤ ስለዚህ የጆሮ መከላከያ፣ ሄልሜት፣ የዓይን መሸፈኛ ወይም መረብ፣ ጓንትና ጫፉ ብረት ያለው ቦት ጫማ ያስፈልጋል። በውስጡ ሰንሰለቱን የሚያንቅ ቃጫ ያለበት የመጋዝ ሱሪ ውድ ቢሆንም፣ መጋዙን ከገዙበት ገንዘብ ላይ ቀንሰው እንዲገዙት አጥብቄ እመክራለሁ። ነጠላ፣ ጋቢና ሻርፕ በማሽን አጠገብ አይለበሱም። ማንም ብቻውን አይቁረጥ፤ ረዳቱ ፊሽካ፣ ስልክና ደም ማቆሚያ ፋሻ ይዞ በሚታይ ርቀት ይቁም።

ነዳጅ፣ ዘይትና ከፍታ

የሞተር መጋዝና የቁጥቋጦ መቁረጫ በአብዛኛው የሚሠሩት ቤንዚን ከሁለት ስትሮክ ዘይት ጋር ተቀላቅሎ ነው። የአብዛኛዎቹ ዘመናዊ ሞተሮች ድብልቅ 50 ለ1 ነው፤ ይህም ለአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር፣ ለአምስት ሊትር 100 ሚሊ ሊትር ዘይት ማለት ነው። የእርስዎ ማሽን መጽሐፍ ሌላ መጠን ካዘዘ እሱን ይከተሉ። በግምት መቀላቀል ሞተሩን ይገድላል፤ ዘይት ሲያንስ ፒስተኑ ይነክሳል፣ ማለትም ግሎ ይጣበቃል፣ ሲበዛ ካንዴላው በጥላሸት ይደፈናል። ከአንድ ወር በላይ የቆየ ድብልቅ አይጠቀሙ።

ለሰንሰለቱ የሚሆነው ዘይት ለብቻው ነው። በብዙ ቦታ ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይት ሲጨመር አያለሁ፤ ይህ ልማድ ቢቀር ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱም በውስጡ ያለው የብረት ብናኝ የዘይት ፓምፑን ይበላል፣ ዘይቱም በቆራጩ ፊትና በአፈሩ ላይ ይረጫል። ዘይቱ መድረሱን ለማወቅ መጋዙን ከደረቅ ጉቶ በላይ ይዘው ለጥቂት ሰከንድ ነዳጅ ይስጡት፤ ቀጭን የዘይት መስመር ካልታየ አይቁረጡበት።

ከፍታ በሞተር ላይ የሚያደርሰውን ተጽዕኖ ብዙ ሰው አያስተውለውም። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ የሞተሩ ጉልበት 10 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ አየሩ ስለሚሳሳ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ክፍል) በደጋ ላይ ቤንዚን ያበዛል፣ ሞተሩ ይጨሳል፣ ሲጫኑት ይታፈናል። ካርቡራተሩን የሞተር ዙር መለኪያ ያለው መካኒክ ያስተካክለው። በደጋ የተስተካከለውን መጋዝ ሳያስተካክሉ ወደ ቆላ ወስዶ መሥራት ግን የባሰ ነው፤ ቤንዚኑ ስለሚያንሰው ሞተሩ ከመጠን በላይ ግሎ ይነክሳል።

ነዳጅ የሚሞሉት ሞተሩ ጠፍቶና በርዶ ነው፤ ከሞሉ በኋላ ከተሞላበት ቦታ ቢያንስ ሦስት ሜትር ርቀው ያስነሡ። የባሕር ዛፍ ቅጠል ዘይት ያለው በመሆኑ በበጋ እንደ ክብሪት ይቀጣጠላል፤ ስለዚህ ሃያ ሊትር ውኃና አካፋ ሁልጊዜ በአጠገብ ይኑር፣ የጋለውንም ማሽን በደረቅ ቅጠል ላይ አያስቀምጡ።

ሥሩን ማጽዳት

ዛፍ ከመጣሉ በፊት በሥሩ ያለው ክትክታ፣ አጋምና እሾሃም ቁጥቋጦ መወገድ አለበት፤ ሠራተኛ በችግር ጊዜ የሚሸሸው በዚህ መሬት ላይ ስለሆነ። ለሣር የናይለን ክር፣ ለእንጨታማ ቁጥቋጦ ደግሞ ባለ ሦስት ጥርስ የብረት ምላጭ ይጠቀሙ። ከአውራ ጣት የወፈረውን ግንድ ለሞተር መጋዙ ወይም ለመጥረቢያው ይተዉት። የአብዛኛዎቹ ማሽኖች ምላጭ ከላይ ሲታይ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚዞር፣ የማጨጃ እንቅስቃሴው ከቀኝ ወደ ግራ ይሁን፤ የምላጩ የፊት ቀኝ ጠርዝ ጠንካራ ግንድ ከነካ ማሽኑን በኃይል ወደ ጎን ይወረውረዋል። ድንጋይ በሩቅ ስለሚፈናጠር በ15 ሜትር ዙሪያ ሰውም ከብትም አይኑር።

ዛፉን መጣል

ለዚህ ሥራ ከ35 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ባር (ሰንሰለቱ የሚዞርበት ረዥም ጠፍጣፋ ብረት) ያለው መካከለኛ መጋዝ ይበቃል። መጋዙን ሲያስነሡ መሬት ላይ አስቀምጠው፣ ቀኝ እግርዎን በኋላ መያዣው ውስጥ አግብተው፣ ፍሬኑን ቆልፈው ነው፤ በአየር ላይ እያወዛወዙ ማስነሣት እጅና እግር ያስቆርጣል። በሥራ ላይ ሁለት እጅ ዘወትር በሁለቱ መያዣ ላይ ይሁን፣ አውራ ጣትም ይጠቅለል። ከትከሻ በላይ አይቁረጡ። የባሩ አፍንጫ የላይኛው ሩብ እንጨት ሲነካ መጋዙ በዓይን ቅጽበት ወደ ቆራጩ ፊት ይወረወራል፤ የፊቱ ፍሬን የተሠራው ለዚህ ስለሆነ በየቀኑ ጠዋት መሥራቱን ይፈትኑ።

በመጀመሪያ የዛፉን ቁመት ይለኩ። ከክንድዎ ርዝመት ጋር እኩል የሆነ በትር ወስደው ክንድዎን ወደ ፊት ዘርግተው ቀጥ አድርገው ያቁሙት፤ የበትሩ ታች ከዛፉ ሥር፣ ጫፉም ከዛፉ ጫፍ ጋር እስኪገጥም ድረስ ወደ ኋላ ይሂዱ። የቆሙበት ቦታ ከዛፉ ያለው ርቀት የዛፉ ቁመት ነው። በሜዳ ላይ የዚህን እጥፍ በሚያህል ዙሪያ ከቆራጩና ከረዳቱ በስተቀር ማንም አይግባ፤ በተለይ ልጆች ጭራሮ ለመልቀም ስለሚሮጡ አንድ ሰው ይህን ብቻ ይጠብቅ።

ቀጥሎ ዛፉ የሚወድቅበትን አቅጣጫ ይወስኑ። ዛፉ በተፈጥሮ ወዴት እንዳዘነበለ፣ ቅርንጫፉ የበዛበትን ጎንና ነፋሱን ይመልከቱ። በበጋ ከሰዓት በኋላ በደጋው ነፋስ ስለሚነሣ ዛፍ የመጣሉን ሥራ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ጨርሰው ቀሪውን ቀን ለመመልመልና ለመፍለጥ ያውሉት። ከሚወድቅበት አቅጣጫ በተቃራኒ፣ ወደ ኋላና ወደ ጎን ሰያፍ የሆኑ ሁለት ማምለጫ መንገዶች ይጥረጉ። ቀጥታ ወደ ኋላ መሸሽ አደገኛ ነው፤ የዛፉ ታችኛው ጫፍ ከጉቶው ተንሸራቶ ወደዚያው ሊዘል ይችላል።

አሁን ወደ ቁርጡ እንሂድ። በሚወድቅበት ጎን የአቅጣጫ ቁርጥ ያውጡ፤ መጀመሪያ ከላይ ወደ ታች ሰያፍ፣ ቀጥሎ ከታች አግድም ቆርጠው ሁለቱ በትክክል ሲገናኙ እንደ ሐብሐብ ቁራጭ ያለ እንጨት ይወጣል። ጥልቀቱ ከግንዱ ውፍረት ከአምስት አንድ እስከ ከአራት አንድ ይሁን። ከዚያ በተቃራኒው ጎን፣ ከአቅጣጫ ቁርጡ ወለል ሁለት ወይም ሦስት ሳንቲ ሜትር ከፍ ብለው የጀርባውን ቁርጥ ይጀምሩ፤ ግን እስከ መጨረሻው አይቁረጡት። በሁለቱ ቁርጦች መካከል የግንዱን ውፍረት አንድ አሥረኛ የሚያህል ያልተቆረጠ እንጨት ይቅር። ግንዱ 30 ሳንቲ ሜትር ከሆነ የሚቀረው ሦስት ሳንቲ ሜትር ነው። ይህ ቅሪት እንደ በር ማጠፊያ ሆኖ ዛፉን ወደ መረጡት አቅጣጫ ይመራዋል፤ ማጠፊያውን የቆረጠ ሰው መሪውን ጥሎ መኪና እንደሚነዳ ነው። ዛፉ ባሩን እንዳይነክስ ከጀርባው ቁርጥ ውስጥ የፕላስቲክ ወይም የጠንካራ እንጨት ሽብልቅ ይምቱ፤ የብረት ሽብልቅ ሰንሰለቱን ይሰብራል።

ረዥምና ቀጭን ሆኖ አጥብቆ ያዘነበለ ባሕር ዛፍ ልዩ ጥንቃቄ ይሻል፤ በውስጡ ውጥረት ስላለ የጀርባ ቁርጡ ገና በግማሽ እያለ ግንዱ ወደ ላይ ተሰንጥቆ የኋላ ግማሹ በቆራጩ ደረት ላይ ሊወነጨፍ ይችላል። እንዲህ ያለውን ልምድ ላለው ሰው ይተዉ።

ዛፉ መንቀሳቀስ ሲጀምር ፍሬኑን ቆልፈው በማምለጫው ይሂዱ፤ ዓይንዎ ግን ወደ ላይ ይሁን፣ የተሰበረ ቅርንጫፍ ከዛፉ በኋላ ይወርዳልና። አየሩ እስኪረጋ ድረስ ወደ ጉቶው አይመለሱ።

ዛፉ ሌላ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ ከቀረ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ሥሩ አይግቡ፣ አይውጡበት፣ የያዘውን ዛፍ አይቁረጡ፣ ሌላ ዛፍም አይጣሉበት። ረዥም ገመድ ወይም የእጅ ዊንች ታችኛው ጫፍ ላይ አስረው፣ ከዛፉ ቁመት በላይ ርቀው ወደ ኋላ ይጎትቱት። ሳይወርድ ከመሸ አካባቢውን በገመድ አጥረው ጠባቂ ያቁሙ፤ ሌሊት ከብት ወይም ሰው ሥሩ እንዳያልፍ።

ጉቶውን ማስተካከል

ዛፉ ወድቆ ቦታው ከተረጋጋ በኋላ ወደ ጉቶው ይመለሱና ከመሬት ከ10 እስከ 12 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ውኃ እንዲንሸራተት በጥቂቱ አዘንብለው ዳግም ይቁረጡት። ይህ ቁርጥ በተሳለ ሰንሰለት ብቻ ይሠራል። ቅርፊቱ በዙሪያው ሁሉ ከእንጨቱ ጋር ተጣብቆ መቅረት አለበት፤ ቡቃያው የሚወጣው በቅርፊቱ ሥር ካለው ሕያው ክፍል ነውና። አፈር ሰንሰለቱን በአንድ ጊዜ ስለሚያደነዝዘው ከመቁረጥዎ በፊት የጉቶውን ዙሪያ በአካፋ ይጥረጉ። ቅርንጫፍና ቅጠል በጉቶ ላይ አይከመር።

ሰንሰለቱ መደንዘዙን የሚያውቁት ሰፋፊ ስንጣሪ በመትፋት ፈንታ ዱቄት ሲያወጣና ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብል ነው። ለሰንሰለትዎ ልክ የሚሆነውን ክብ ሞረድ ይግዙ፤ እንደ ሰንሰለቱ ዓይነት 4.0፣ 4.8 ወይም 5.2 ሚሊ ሜትር ሊሆን ይችላል። ሞረዱን ከውስጥ ወደ ውጭ ብቻ፣ በአብዛኛው በ30 ዲግሪ፣ ለእያንዳንዱ ጥርስ እኩል ቁጥር ይግፉት። እኔ ነዳጅ በሞላሁ ቁጥር ሁለት ሁለት ጊዜ ሞረድ አስነካዋለሁ፤ ከዚህ የበለጠ ሥራ የሚያቀል ልማድ አላገኘሁም።

መመልመልና መጎመድ

ቅርንጫፉን ሲመለምሉ ከግንዱ ላይኛ ተረተር ይቁሙ፤ ግንዱ ቢንከባለል ወደ እርስዎ እንዳይመጣ። የታጠፈ ቅርንጫፍ እንደ ቀስት የተወጠረ ነው፤ መጀመሪያ የተጨመቀውን ጎን ሲሶ ያህል፣ ቀጥሎ የተወጠረውን ጎን ቆርጠው ይልቀቁት። ለምድጃዎ የሚስማማውን ርዝመት በበትር ለክተው ሁሉንም እኩል ይጎምዱ፤ 40 ሳንቲ ሜትር ለአብዛኛው ምድጃ ይሆናል። ለአጣናና ለማገር የሚሆነውን ቀጥ ያለ ግንድ ለማገዶ አያባክኑ። ቅጠሉና ጭራሮው ለምጣድ ማገዶ እንደሚፈለግ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ከቅጠሉ ቢያንስ ግማሹን በመሬቱ ላይ በትነው ይተዉት፣ የአፈሩ ምግብ የሚመለሰው በእሱ ነውና።

ማውጣት

እርጥብ ባሕር ዛፍ ከባድ ነው፤ አንድ ሜትር ኩብ ድፍን እንጨት ወደ አንድ ቶን ይጠጋል። ከ12 እስከ 15 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ ሁለት ጎማ ትራክተር ከነተሳቢው በሜዳ ላይ በደንብ ቢጎትትም፣ በተዳፋት ላይ ግን በአንድ ጉዞ ከግማሽ ቶን በላይ ባይጫን ይመረጣል። ተዳፋትን በአግድም አያቋርጡ፤ ሁልጊዜ ቀጥታ ይውጡ፣ ቀጥታ ይውረዱ፣ ሲወርዱም በዝቅተኛ ማርሽ ይሁን። ማርሽ አውጥቶ በፍሬን ብቻ መውረድ ተሳቢው ትራክተሩን እንዲገፋው ያደርጋል።

አዲስ ሾፌር ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። በእነዚህ ትራክተሮች በሜዳ ላይ የግራውን የመሪ ፍሪሲዮን (የግራውን ጎማ ከሞተሩ የሚያላቅቀውን ማንሻ) ሲስቡ ማሽኑ ወደ ግራ ይዞራል፤ በቁልቁለት ላይ ሞተሩ ጎማዎቹን ይዞ ሲወርድ ግን የተለቀቀው የግራ ጎማ በነፃ ስለሚሮጥ ማሽኑ ወደ ቀኝ ይዞራል። በዚህ የተነሣ ብዙ ሰው ገደል ገብቷል። ቁልቁለት ላይ ፍሪሲዮኑን ሳይነኩ እጀታውን በመግፋት ይምሩ፤ በባዶ ተሳቢም ቀድመው ይለማመዱ።

መፍለጥና ማድረቅ

ባሕር ዛፍ እርጥብ ሳለ በቀላሉ ይፈለጣል፤ ከደረቀ በኋላ ግን ጭረቱ ስለሚጠላለፍ ማሽኑንም መጥረቢያውንም ያስቸግራል። ስለዚህ ከተቆረጠ በሁለት ሳምንት ውስጥ ፈልጠው ይጨርሱ። የሃይድሮሊክ መፍለጫውን በተስተካከለ መሬት ላይ አቁመው፣ ጎማውን በድንጋይ አግደው፣ አንድ ሰው ብቻ ይሥራበት፤ አንዱ እንጨት እያስቀመጠ ሌላው ማንሻውን ሲጫን ጣት ይቆረጣል። ጫፉ ሰያፍ የሆነ ጉማጅ ስለሚፈናጠር አስቀድመው ያስተካክሉት። ወፍራሙን ጉማጅ ከመካከል ሳይሆን ከዳር ዳሩ እየላጡ ይፍለጡት። የዘይት ቱቦው ካፈሰሰ ቀዳዳውን በእጅ አይፈልጉ፤ በከፍተኛ ግፊት የሚወጣው ዘይት ቆዳ በስቶ ይገባል። ሞተሩን አጥፍተው ግፊቱ ከወረደ በኋላ ቱቦውን ይቀይሩ።

አዲስ የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውኃ ነው፤ ለማገዶ የሚሆነው ከ20 በመቶ በታች ሲወርድ ነው። ፍልጡን በአጣና ላይ ከመሬት ከፍ አድርገው፣ ቅርፊቱ ወደ ላይ ሆኖ፣ ነፋስ እንዲያልፍበት አሳስተው ይደርድሩ፤ ከላይ ቆርቆሮ ያልብሱት፣ ጎኖቹን ግን አይሸፍኑ። በኅዳር የተፈለጠ እንጨት ክረምቱ ሳይገባ ይደርሳል። መድረሱን ለማወቅ ሁለት ሦስት ፍልጥ ምልክት አድርገው በየሁለት ሳምንቱ ይመዝኑ፤ ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ደርቋል። ይህን ትዕግሥት የምጠይቀው ለነዳጅ ቁጠባ ብቻ አይደለም፤ እርጥብ እንጨት የሚጨሰው በምድጃው ፊት በተቀመጠችው እናት ዓይንና ሳንባ ላይ ነው።

ከቁረጣው በኋላ ባለው ዓመት

ዝናብ ከጣለ በኋላ እያንዳንዱ ጉቶ አሥርና ከዚያ በላይ ቡቃያ ያወጣል። ሁሉም ከቀሩ ሁሉም ይቀጥናሉ። ቡቃያው ከሰው ወገብ አልፎ ሥሩ ሲጠነክር፣ ብዙውን ጊዜ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ባለው ጊዜ፣ በጉቶው ታችኛው ክፍል ከበቀሉትና በነፋሱ መምጫ በኩል ካሉት ሁለት ወይም ሦስቱን መርጠው ሌላውን በተሳለ ማጭድ ወይም በእጅ መጋዝ ያስወግዱ፤ በሞተር መጋዝ አይሞክሩት፣ የሚቀረውን ቡቃያ ቅርፊት ይልጣል። እስከዚያ ድረስ ከብትና ፍየል እንዳይገቡ መሬቱ ይታጠር። ያላቆጠቆጡትን ጉቶዎች ቆጥረው በየመካከላቸው ካስማ ይትከሉ፤ በሚቀጥለው ሰኔ ችግኝ የሚተከለው፣ ከተገኘም በቅድሚያ ያ በጨርቅ የታሰረው የወይራ ወይም የጽድ ችግኝ ዘመድ የሚገባው፣ በዚያ ቦታ ነው።